ኮፈን በሁለት ዘመን አቆጣጠር

ከመካከላችን የአንዱ አባት ትተውት ያለፉት ቮልስዋገን ግቢ ውስጥ ከኮክ ዛፍ ሥር ሸራ ለብሶ ዘጠኝ ዓመት ቆሟል። ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ እናትየው ትዕግሥታቸው አለቀና በአንድ ዓረፍተ ነገር ፈረዱ፤ «ወይ ይነሳ፣ ወይ ይነሳ!» የመጀመሪያው «ይነሳ» ሞተሩ ይነሳ ነው። ሁለተኛው «ይነሳ» ከግቢዬ ይውጣልኝ፣ ለቆራሌውም ቢሆን ይሸጥ ማለት ነው። የተሰጠን ጊዜ የዘንድሮው ቦሎ እስኪለጠፍ ድረስ ብቻ ነበር።

ሞተሩ እንደፈራነው አላስቸገረም። ያስቸገረን ኮፈኑ ነው። የኮኩ ቅጠል እየረገፈ ኮፈኑና ጎማው በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ተከማችቶ ውኃ ሲይዝ ኖሮ፣ የፊት ከንፈሩን ዝገት በልቶታል። በጣታችን ስንነካው እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈረፈረ። ላሜራ ሠራተኛው ጋሼ (እሳቸውን በስም አንጠራም፤ ሰፈሩም የሚያውቃቸው በ«ጋሼ» ነው) አዩትና «ይኼን በስቱኮ ብደፍነው ለገና አይደርስም፤ ሌላ ፈልጉ ልጆች» አሉን። ያለ ኮፈን ዓመታዊ ምርመራ መሄድ ደግሞ ያለ ሱሪ ቀበሌ እንደመሄድ ነው።

ስለዚህ ሶማሌ ተራ ወረድን። ያገለገለ የመኪና ዕቃ ፈላጊ እዚያ ሲደርስ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «የስንት ሞዴል?» እኛም በልበ ሙሉነት «የስልሳ» አልን። በቤቱ ውስጥ ሲባል የኖረው ይኸው ነዋ! አባትየው መኪናውን አዲስ የገዙት በ1960 ነው፤ የሠርግ ፎቶው ላይ ቆሞ ይታያል፤ ያደግነውም «የስልሳ ሞዴል ቮልስ» ሲባል እየሰማን ነው። ሻጩ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ብረቱ ያልተነካ፣ ከፊቱ ላይ ትንሽ የከተማ ጋሻ መሰል ምልክት ያለበት አሮጌ ኮፈን ይዞ ወጣ። ተከራከርን፣ ከፈልን፣ ሚኒባስ ፖርቶ መጋላ ላይ አስረን ይዘን መጣን። መንገድ ላይ ስለ ብልጠታችን ብዙ አውርተናል።

ማታ ጋሼ በሌሉበት ለመግጠም ሞከርን። ከመስታወቱ በኩል ያሉት ሁለቱ ማጠፊያዎች ላይ ቡሎኖቹ ገቡ። ደስ አለን። ቀስ ብለን ስንዘጋው ግን የኮፈኑ አፍንጫ ከሚያርፍበት ላሜራ አልፎ ወረደ። ምላሱ መቆለፊያውን አላገኘም። ገፋነው፣ ጎተትነው፣ ቡሎን አላልተን እንደገና አጠበቅን። አልሆነም። ኮፈኑ የጎረቤት ልጅ ኮት የለበሰ ሰው መስሎ ቀረ።

በነጋታው ጋሼ መጡ፣ አዩ፣ ሳቁ። ከዚያ መኪናውን አንድ ጊዜ ዞሩትና ሦስት ነገር አሳዩን። «ቤንዚን የምትሞሉት በየት ነው?» አሉ። በስተቀኝ ከበሩ ፊት ባለችው ትንሽ ክዳን። «የፊት መብራቱስ ተጋድሟል ወይስ ቆሟል?» ቆሟል። «ከመስታወቱ ሥር እነዚህ የአየር ስንጥቆች ምንድን ናቸው?» ዝም አልን። «ይኼ መኪና የፈረንጅ ስልሳ አይደለም፤ የኛ ስልሳ ነው። እናንተ ያመጣችሁት ኮፈን የፈረንጅ ስልሳ ነው። ሰባት ዓመት ገደማ ተላልፋችኋል» አሉና ሻያቸውን ጠየቁ።

በነገራችን ላይ ሻጩ አላታለለንም። የጠየቅነውን ነው የሰጠን። ጥፋቱ የኛ ነው፤ ዘመኑን ብቻ ጠርተን የማን ዘመን እንደሆነ አልተናገርንም። ይህ ጽሑፍም የተወለደው ከዚያ እፍረት ነው። ኮፈኑን መልሰን ተገቢውን እስክናገኝ ድረስ በነበሩት ሁለት ሳምንታት «ለመሆኑ ይኼ ቆርቆሮ ለምን አጠረ?» ብለን ማንበብ ጀመርን፤ ንባቡም ካሰብነው በላይ ርቆ ወሰደን። ከዚህ በታች ዓ.ም. ያልነው የኛ፣ እ.ኤ.አ. ያልነው የፈረንጅ ነው። ከደረሰብን በኋላ ይህን ሳንገልጽ መቀጠል አንችልም።

መጀመሪያ ስሙ። «ኮፈን» የጣልያንኛው «ኮፋኖ» ነው። የጋራዥ አማርኛ ግማሹ ጣልያንኛ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ጎማ፣ ታርጋ፣ ቦሎ፣ ካንዴላ፣ ሞላ፣ ላሜራ፣ ቡሎን፣ ካቻቢቴ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ። (ባሌስትራ በጣልያንኛ ቀስት መወርወሪያ መሣሪያም ነው፤ ከመኪና ሥር ያለውን የታጠፈ ብረት ያየ ሰው ምክንያቱን ለመገመት አይቸገርም።) መኪና ራሱ የገባው ከጣልያን ወረራ በፊት ነው። በ1900 ዓ.ም. ግድም እንግሊዛዊው ቤዴ ቤንትሌይ ከጅቡቲ ተነስቶ ለዳግማዊ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ደርሷል። ነገር ግን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበሩት አምስት የወረራ ዓመታት በሺህ የሚቆጠር የጭነት መኪና ገባ፣ መንገድ ተቆፈረ፣ ጋራዥ ተከፈተ፤ ወራሪው ሲወጣ ብዙ ጣልያናዊ መካኒክ ቀረ። ረዳት ሆኖ የገባው አበሻ የተማረው ዕቃውን ከነስሙ ነው። ድል አድርገን የመለስነው ጦር መዝገበ ቃላቱን ጥሎልን ሄደ።

«ኮፋኖ» ራሱ ከመኪና በፊት ሣጥን ማለት ነበር። ከሣጥንም በፊት በላቲን «ኮፊኑስ»፣ በግሪክ «ኮፊኖስ» እየተባለ ቅርጫት ነበር። ወንጌል የተጻፈበት ግሪክኛ፣ ከአምስቱ እንጀራና ከሁለቱ ዓሣ የተረፈው ቁርስራሽ የተሰበሰበበትን ዕቃ የሚጠራው በዚህ ቃል ነው፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «መሶብ» ብሎታል። እንግሊዞች ለሬሣ ሣጥን የሚጠቀሙበት ቃልም የዚያው የቅርጫት ዘር ነው። እና አንድ መካኒክ «ኮፈኑን ክፈተው» ሲል፣ ሳያውቀው «መሶቡን ክፈተው» እያለ ነው። ለቮልስ ደግሞ ይህ ከማንኛውም መኪና ይልቅ እውነት ነው፤ በኮፈኑ ሥር ሞተር የለማ! ያለው ተጠባባቂ ጎማ፣ የቤንዚን ታንከርና ትንሽ የሻንጣ ቦታ ነው። የቮልስ ኮፈን የሣጥን ክዳን ነው።

አዲስ ቮልስ የገዛ ሰው መንገድ ላይ ቆሞበት ኮፈኑን ከፍቶ «ሞተሬ ተሰርቋል!» ብሎ ሲጮህ፣ ሌላው ባለ ቮልስ «አይዞህ፣ እኔ ከኋላ ተጠባባቂ አለኝ፣ ውሰድ» አለው የሚለውን ቀልድ ያልሰማ አንባቢ ይኖር ይሆን? ካለ ሰማ።

ሞተሩ ለምን ከኋላ ሆነ? ፈርዲናንድ ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ1934 ከጀርመን የመኪና ኢንዱስትሪ ማኅበር ጋር የሕዝብ መኪና ለመሥራት ሲዋዋል የተሰጠው ትእዛዝ ዋጋው ከ1000 ማርክ እንዳያልፍ ነበር። ሞተሩን የሚነዳው ጎማ አጠገብ ካስቀመጥከው ከፊት እስከ ኋላ የሚዘረጋ ረጅም ዘንግ አያስፈልግህም፤ ብረት ይቀንሳል፣ ክብደት ይቀንሳል፣ ዋጋ ይቀንሳል። ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዝ ሲሆን ደግሞ ራዲያተር የለም፤ በጀርመን ክረምት የሚረጋ፣ በዓባይ በረሃ ዳገት የሚፈላ ውኃ የለም። አባቶቻችን ቮልስን የወደዱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። ሌሎች መኪኖች ዳገት ላይ ኮፈን ከፍተው እንፋሎት ሲያወጡ ቮልስ እያጉረመረመ ያልፋቸዋል፤ ቺንጋው ካልተበጠሰበት በቀር። ከተበጠሰ ማቀዝቀዣው ነፋስ ይቆማል፣ ያኔ ጉራው ሁሉ ያልቃል።

የሕዝብ መኪናው ታሪክ ግን የሚያኮራ ጅማሬ የለውም። ሂትለር ራሱ የፋብሪካውን የመሠረት ድንጋይ እ.ኤ.አ. ግንቦት 26 ቀን 1938 ፋለርስሌበን በሚባል ቦታ አጠገብ አኖረ። ለሕዝቡ የተነገረው በሳምንት 5 ማርክ እየቆጠበ፣ ካርዱ ላይ ቴምብር እየለጠፈ፣ 990 ማርክ ሲሞላ መኪናውን እንደሚረከብ ነበር። 336 ሺህ ያህል ሰው ቆጠበ። አንድም ቆጣቢ መኪና አልደረሰውም። ጦርነቱ መጣና ፋብሪካው የጦር ሠራዊት መኪናና መሣሪያ ማምረት ጀመረ፤ ያመረቱትም በብዛት ከተያዙ አገሮች በግዳጅ የተጋዙ ሠራተኞችና እስረኞች ናቸው። ቆጣቢዎቹ ከኩባንያው ጋር ለዓመታት ተካሰው እ.ኤ.አ. በ1961 በስምምነት የጨረሱት ሙሉ ለቆጠበ ሰው አዲስ መኪና ሲገዛ 600 ማርክ ቅናሽ፣ ወይም በጥሬው 100 ማርክ በማግኘት ነው። ለኮንዶሚኒየም እየቆጠበ ያለ አንባቢ ይህን አንቀጽ ለብቻው ሆኖ ያንብበው።

ጀርመን ስትሸነፍ ፋብሪካው በእንግሊዞች እጅ ወደቀ። ከተማው እ.ኤ.አ. በ1945 አጠገቡ ባለው ግንብ ስም ቮልፍስቡርግ ተባለ። ኢቫን ኸርስት የሚባል እንግሊዛዊ ሻለቃ በቦምብ የፈረሰውን ፋብሪካ ሊዘጋው ሳይሆን ሊጠግነው ወሰነ። አንዲቱን ጥንዚዛ መሳይ መኪና አረንጓዴ አስቀብቶ ለአለቆቹ አሳየ፣ ሠራዊቱም መኪና ቸግሮት ስለነበር 20 ሺህ አዘዘ። የመደበኛው ምርት መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1945 ነው። በ1948 ሄንሪክ ኖርድሆፍ የሚባል ጀርመናዊ ሥራ አስኪያጅ ሆነ፤ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 1955፣ አንድ ሚሊዮነኛው መኪና ወጣ። እ.ኤ.አ. የካቲት 17 ቀን 1972 ደግሞ 15,007,034ኛው ቮልስ ተመርቶ የፎርድ ሞዴል ቲን ክብረ ወሰን ሰበረ። የመጨረሻው የወጣው ሜክሲኮ ፑብላ ውስጥ ሐምሌ 30 ቀን 2003 ነው። ድምሩ 21,529,464።

ያ ከሶማሌ ተራ ያመጣነው ኮፈን ላይ የነበረው ትንሽ ጋሻ የቮልፍስቡርግ ከተማ ምልክት ነው፤ ግንብና ተኩላ። ኮፈኑ ላይ መለጠፍ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1951 ሲሆን የቀረው በ1962 ነው። ማለትም ምልክቱን የሚያውቅ ሰው ገና ሱቁ በር ላይ «ይኼ ለኛ አይሆንም» ባለ ነበር። እኛ ግን ያየነው «እንዴት ያምራል!» ብለን ነው። ሰባት ዓመት የሚያስከፍል ውበት።

ስለ ማጠሩም ይኸው። ኖርድሆፍ ግትር ሰው ነበር፤ የመኪናው መልክ እንዲቀየር አይፈቅድም፣ ውስጡ ብቻ እንዲሻሻል እንጂ። እሱ ግን ገበያው አሜሪካ ነበር። አሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከጥር 1968 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ የመኪና ደኅንነት ሕግ አወጣች። ቮልፍስቡርግም እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1967፣ ከፋብሪካው የበጋ እረፍት መልስ፣ ጥንዚዛዋን ብዙ ነገር ቀያየረላት። የፊትና የኋላ መከላከያ ብረቱ ወፈረ፣ ቀና አለ፣ ከፍ አለ። መከላከያው ከፍ ሲል ከሥሩ ያለው ላሜራ መርዘም ነበረበት፤ ላሜራው ሲረዝም ኮፈኑ አጠረ። የኋላው የሞተር ክዳንም እንዲሁ። ተጋድሞ የነበረው የፊት መብራት ቆመ። የቤንዚን መሙያው ከኮፈኑ ሥር ወጥቶ በስተቀኝ የራሱን ክዳን አገኘ። ከመስታወቱ ሥር የአየር ስንጥቅ ተበጀ። ጋሼ ያሳዩን ሦስቱ ምልክቶች ሁሉም የዚያች የአንድ ነሐሴ ልጆች ናቸው።

ቮልፍስቡርግ የሞዴል ዓመቱን የሚቀይረው በፈረንጅ ጥር ሳይሆን በነሐሴ ነው። ለእኛ ያ ወር ሐምሌ ተገባዶ ነሐሴ የሚጋመስበት ነው፤ ችቦ ሊበራ አንድ ወር ሲቀረው። የኛ መስከረም 1960 የገባው በፈረንጅ መስከረም 1967 ነው። ስለዚህ አዲሱ ሞዴልና አዲሱ ዓመት ጀርባና ጀርባ ሆነው ነው የመጡት። ፋብሪካው በአበሻ ዘመን መለወጫ ይሠራል ብንል ጀርመኖች አይቀየሙንም። የጓደኛችን አባት በ1960 ዓ.ም. አዲስ መኪና ሲገዙ ያገኙት ከዚያ ነሐሴ ወዲህ ያለውን ነው፤ አጭር ኮፈኑን። በቤት ውስጥ «የስልሳ» ሲባል የኖረው ትክክል ነበር። ስህተቱ ከግቢው በር ሲወጣ ነው የጀመረው።

ይህን ሁሉ ስናሰላ አንድ ቁጥር ደጋግሞ መጣብን። 1967። በቮልፍስቡርግ 1967 ኮፈን ያጠረበት ዓመት ነው። በኛ 1967 ደግሞ ማንም የኢትዮጵያ ልጅ ቮልስዋገን ሲባል የሚያስታውሰው ነገር የተደረገበት ነው።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጠዋት የደርግ መኮንኖች ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ገብተው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው መውረዳቸውን የሚገልጸውን ጽሑፍ አነበቡላቸው። ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የወሰዷቸው በቮልስዋገን ነው። በግቢው ውስጥ የመኪና እጥረት አልነበረም። ቮልስ ሁለት በር ብቻ ነው ያለው፤ ከኋላ ለመቀመጥ የፊቱ ወንበር ወደፊት ይታጠፋል፣ ሰውዬው ጎንበስ ብሎ፣ አንድ እግሩን አስቀድሞ፣ ሰውነቱን ጠምዝዞ ይገባል። እኛ በሃያዎቹ ዕድሜያችን ሆነን ስንገባ እንኳ ጭንቅላታችን ይመታል። ሰማንያ ሁለት ዓመት የሞላቸው ንጉሠ ነገሥት ያንን ነው ያደረጉት። ሞተሩ ደግሞ ከወንበሩ ጀርባ ነው። በቮልስ የኋላ ወንበር የተቀመጠ ሰው ድምፁን በጆሮው ሳይሆን በወገቡ ነው የሚሰማው።

ንጉሡ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ በጫኑበት በዓል የተጓዙበት ሠረገላ የቀድሞው የጀርመን ካይዘር የዳግማዊ ዊልሄልም እንደነበረ የዘመኑ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። በጀርመን ንጉሥ ሠረገላ መጥተው በጀርመን የሕዝብ መኪና ሄዱ ማለት ነው። አንዳንዶች መኮንኖቹ ቮልሱን የመረጡት ለማዋረድ ነው ይላሉ፣ ሌሎች ደግሞ ሰው እንዳያስተውል ነው ይላሉ። ከእኛ ሁለቱ የመጀመሪያውን፣ አንዱ ሁለተኛውን ያምናል፤ በዚህ ጉዳይ ጋሼ ጋራዥ ውስጥ ድምፅ አውጥተን ተከራክረን የጎረቤቱ ጎሚስታ እስኪቆጣን ደርሰናል። የምንስማማበት አንድ ነገር አለ። ቮልስ በዚያ ዘመን የመምህሩ፣ የነርሷ፣ የመንግሥት ሠራተኛው መኪና ነበር። የጓደኛችን አባትም መምህር ነበሩ። በዚያን ዕለት ጠዋት እንደ እሳቸው ያለ ሰው ቁርሱን በልቶ የሚነዳው ዓይነት መኪና ነው ያንን ታሪክ የተሸከመው።

እናትየውን ጠየቅናቸው። «በዚያን ቀን መኪናው የት ነበር?» «እዚሁ» አሉ፤ «አዲስ ዓመት ነው፣ የት ይሄዳል? አባታችሁ ሬዲዮ ይሰማ ነበር። ከዚያ ወጣና መኪናውን ሲያጥብ ዋለ። ንጹሕ ነበር እኮ። ዝም ብሎ ሲያጥብ ዋለ።» ከዚህ በላይ አልነገሩንም፣ እኛም አልገፋንም።

ሁለተኛው ኮፈን የተገኘው ከብዙ ፍለጋ በኋላ ከአንድ ተጋጭቶ ከቆመ ቮልስ ላይ ነው። ይህን ጊዜ ይዘን የሄድነው ዓመተ ምሕረት ሳይሆን ሜትር ነው። ያረጀውን ኮፈን ከመሃል ጠርዝ እስከ ጠርዝ ለክተን፣ በወረቀት ጽፈን፣ ሻጩ ስንት ሞዴል ሲለን «ይህን ያህል ሴንቲ» አልን። ሻጩ አየን። ማየቱ ተገቢ ነው።

አገጣጠሙን ጋሼ እንዳስተማሩን እንጽፈዋለን፤ አሮጌ ቮልስ ግቢው ያለ አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። መጀመሪያ ጎማው ነው። በአካሉ ጠርዝ ዙሪያ ባለው ቦይ ውስጥ የነበረውን የደረቀ ጎማ አውጥተን፣ ዝገቱን ፍቀን፣ ጸረ ዝገት ቀብተን፣ አዲሱን በእጅ እየገፋን አስገባን። ይህን የዘለለ ሰው ከዓመታት በኋላ እንደኛ ኮፈን ፍለጋ ይወርዳል። ሁለተኛ፣ የኮፈኑ የኋላ ማዕዘኖች ከመስታወቱ ሥር ያለውን ቀለም እንዳይቧጭሩት ሁለቱን ጫፎች በጨርቅ ጠቀለልን። ሦስተኛ፣ አንድ ሰው አይበቃም። አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ ሆኖ ይሸከማል፣ ሦስተኛው ቡሎን ያስገባል። ማጠፊያዎቹ ሞላ ስላላቸው ያለ ኮፈኑ ክብደት ሽቅብ ይፈናጠራሉ፤ ጣት መጠበቅ ነው። በየማጠፊያው ሁለት፣ በድምሩ አራት ቡሎን። ሁሉም በ13 ቁጥር መፍቻ ይታሰራሉ፣ ግን ገና አይጠብቁም።

ሥራው ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ኮፈኑን በእጅ ይዞ ቀስ ብሎ ማውረድ፣ በግራና በቀኝ ያለውን ክፍተት ማየት፣ መልሶ መክፈት፣ ወደፊት ወይም ወደኋላ በስሱ መግፋት፣ እንደገና ማውረድ። አሥር ጊዜ ደጋግመናል። ጋሼ ሜትር አይጠቀሙም፤ የአውራ ጣታቸውን ጥፍር በክፍተቱ ውስጥ ከላይ እስከ ታች ይነዱታል። «እዚህ ጋ ያዘኝ» ይላሉ። እኛ ስናየው እኩል ነው፤ ጥፍራቸው ግን ይዟል።

ክፍተቱ ሲስተካከል አራቱ ቡሎኖች ጠበቁ። ከዚያ ልንዘጋ ስንል ጋሼ እጃችንን መቱት። «ገመዱን ሳትፈትኑ?» የቮልስ ኮፈን የሚከፈተው ከውስጥ በሚሳብ የሽቦ ገመድ ነው። ገመዱ ተበጥሶ ወይም መቆለፊያው ዝጎ ከሆነና ኮፈኑን ከዘጋኸው በኋላ ከታወቀህ፣ መክፈቻው መንገድ መሰርሰሪያ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ኮፈኑ ክፍት ሆኖ ሳለ ካቻቢቴውን እንደ ምላስ አድርገው መቆለፊያው ውስጥ ከተቱት፤ ያዘ። አንዳችን ከውስጥ ገመዱን ሳብን፤ ለቀቀ። ሦስት ጊዜ። ከዚያ ከኮፈኑ ላይ ያለውን ምላስ ርዝመት በካቻቢቴ እያስተካከሉ፣ ዳዶውን እያላሉና እያጠበቁ ቆዩ። ረጅም ከሆነ ኮፈኑ ይንቀጠቀጣል፣ አጭር ከሆነ አይያዝም።

ታንከሩን ለማጽዳት ስናወጣ ከሥሩ የታጠፈ ወረቀት ተገኝቶ ነበር። በደርግ ዘመን ቤንዚን በኩፖን ሲታደል የነበረበት ኩፖን ነው፤ ጥቂት ቅጠል ያልተቆረጠለት። አባትየው ቆጥበው አስቀምጠውት ነው ወይስ ወድቆባቸው ሲፈልጉት ኖረው፣ ማንም አያውቅም። መልሰን ካገኘንበት አኖርነው። መሶብ ነው ብለናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ እንወዳለን። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አሳወቀ። ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስዋገን ሲባል ልጆች የሚያስቡት ከቻይና የሚመጣውን አይዲ 4 እና አይዲ 6 ነው። ከእኛ የአንዱ አጎት አይዲ 4 ገዝተው ኮፈኑን አስከፍተን አየነው። የሻንጣ ቦታ የለም፤ የመስታወት ማጠቢያ ውኃ፣ ትንሹ ባትሪና ቱቦ ነው። መኪናውን የሚገፋው ሞተር የት ነው ብለን ጠየቅን። ከኋላ ነው አሉን። ጋሼ ይህን ስንነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው «እንግዲህ ተመለሱ» አሉ።

ኮፈኑ የተዘጋው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ቮልስ ኮፈን አይወረወርም፤ ዝቅ አድርገህ በሁለት መዳፍ ከመሃል ትጫነዋለህ፣ «ቀጭ» ይላል። አለ። ቀለሙ አልገጠመም፤ መኪናው ሰማያዊ፣ ኮፈኑ ክሬም ነው። እናትየው ከቤት ወጥተው በሩ ላይ ቆሙና ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ቀለሙ ይሁን» አሉ፤ «ግን ይነሳል?»

ባትሪ አልገዛንም ነበር።